ደርሶ መልስ

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው የሚሞተው?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት።

ሻጩ ሰላሐዲን ሳቀ። ጅማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ አምስት ስድስት መኪና አሰልፎ የሚሸጥ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ጎልማሳ ነው። «ማዘር፣ ሰው አደረጉት እኮ! አይሞትም፤ ቻርጁ ያልቃል እንጂ። ይሄ ትንሹ ባትሪ ነው። ባዶውን ከሄደ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር አይከለክልዎትም። ጭነት ይዞ ዳገት ሲበዛበት ግን…» መዳፉን ወዲህና ወዲያ አገላበጠ። «ሰማንያ ይበሉት። አልዋሽዎትም።»

«ሲያልቅስ?»

«ሳያልቅ ቤቱ ገብቶ ይሰካላ! ማታ ይሰኩታል፣ ጠዋት ሞልቶ ያገኙታል። እንደ ሞባይልዎ ነው።»

ቤቱ ገብቶ ይሰካል። ስለዚሁ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙ ወሬ ሰምቻለሁ፤ የዚህን ያህል ልቤን ያሳረፈው ግን አልነበረም። ወንድሜ ጣሰው ዝምታዬን ሲያይ የከፋኝ መሰለው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ትልቁ ባትሪ ያለው ያውልሽ ከጎኑ ቆሟል። ከሁለት መቶ በላይ ይሄዳል አሉ። ልዩነቱን እኔ እችላለሁ» አለኝ።

«ማን ትልቅ አማረኝ አለህ?» አልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የልጅ ልጄን ሩሀማን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ አርፋለች። አባቷ፣ የእኔው ልጅ ፍቅሩ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሩሀማ አራት ዓመቷ ላይ ከቦንጋ ቡና ጭኖ ወጣ። «እሑድ እመጣለሁ» አለ። ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ ብዬ፣ ወንዝ ገባ ብዬ፣ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አልሞተም፤ ቀረ። ሞጆ ላይ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌሎች ልጆች ወልዶ ተቀምጧል። የሞተ ሰው ለቅሶ አለው፣ ሰልስት አለው፣ ሰው መጥቶ ያጽናናል። የቀረ ሰው ምን አለው? ጎረቤቴ ላቀች እንኳ ያን ጊዜ የምትለው ጠፍቷት ከጓሮዋ ጎመን ቀንጥሳ አምጥታ፣ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይ ምን ያህል ይጭናል፣ ስንት ያወጣል አልልም። የት ድረስ ይሄዳል ነው የምለው።

ሩሀማ እዚሁ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመረቀች። ሥራ ብትፈልግ ብትፈልግ ስታጣ ማር ንግድ ጀመረች። ወደ ሺሺንዳና ወደ ዋጫ ትወጣለች፣ ጫካ ቀፎ ከሚሰቅሉ ገበሬዎች በባልዲ በባልዲ ትሰበስባለች፣ ሚኒባስ ላይ ታስጭናለች። ሚኒባሱ ሲያዘነብል ክዳኑ ይፈታል። አንድ ቀን ከጣሪያ የወረደ ማር የአንዱን መምህር አዲስ ኮት አበላሽቶ፣ ሰውየው ቦንጋ እስኪደርስ ድረስ ሲሰድባት መጣ። ቤት ስትገባ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ።

ይህን ፒክአፕ ስልኳ ላይ ያሳየችኝ በዚያው ሳምንት ነው።

«እስቲ እይው እማዬ፣ ምን ይጎድለዋል?»

«ምን አለው ብለሽ ብትጠይቂኝ ይቀለኛል» አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ስሠራ የኃላፊዎችን መኪና አይቻለሁ። ይሄ ግን ራቁቱን የቆመ ነው። ራዲዮ የለው። መስታወቱ በእጅ እየተዘወረ ነው የሚወርደው። ወንበሩ ሁለት ብቻ። ወለሉ ጥቁር ላስቲክ፣ ውሃ ተደፍቶ የሚታጠብ። ከኋላ ካሶኔው፣ ጭነት የሚጫንበት፣ እንደ ላሜራ ሳጥን ጠፍጣፋ።

«የሌለው ነገር አይበላሽም» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው የረከሰው። ሞተር ዘይት የለ፣ ነዳጅ የለ። ለእኔ የሚበቃው ይሄ ነው። ኃላፊ ልሆን ነው እንዴ?»

ላቀች ደግሞ የሌለችበት ወሬ የለም። በሩ ላይ ቆማ፣ «መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋስ? ሣር ታበይዋለሽ?» አለቻት።

«እትዬ ላቀች፣ ቤንዚን ሦስት ቀን ሲጠፋ የባጃጅ ልጆች ምን ያበላሉ? ማደያ ደጅ ተሰልፈው ይተኛሉ። እኔ ቤቴ እተኛለሁ።»

«በዝናብስ?» አልኩ እኔ። «ይሄ የእኛ ዝናብ ነው፤ ኤሌክትሪክ ላይ ተቀምጦ ይነዳል? ይዞሽ ቢቀርስ?»

«እማዬ፣ ውሃ አይገባውም ተዘግቷል።»

«የእኛ ጣሪያም ተዘግቷል።»

ሳቀች። ጣሰውም ከዋጫ በመጣ ቁጥር የራሱን ያዋጣል፤ «አንዱን ሚዛን ከተማ አይቻለሁ፣ ድምፅ የሚባል የለውም። እንደ ድመት ነው አጠገብሽ የሚደርሰው» አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምፅ የሌለው መኪና በቦንጋ መንገድ፣ ሕፃኑ፣ አሮጊቷ፣ አህያው! ጠዋት ላይ አይሆንም ብዬ ቆረጥኩ።

ሩሀማም አልተቆጣችም። ጫማዋን እያሰረች፣ «እንግዲያው አዲስ አበባ ህይወት ጋ እሄዳለሁ» አለች። ህይወት የክፍል ጓደኛዋ ነች። «ክፍል አለኝ፣ ነይ ካለችኝ ቆየች። ሥራ አይጠፋም። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ማር እየጫንኩ ስሰደብ ግን አላረጅም።»

እኔ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዝናቡንም፣ የመብራቱንም፣ የድምፁንም ነገር ተውኩት። ባሕር ዛፌን ቆሞ ሳለ ሸጥኩት። ላሜን ዳለቻንም ሸጥኳት፤ ቃጭሏን ብቻ ከአንገቷ ፈትቼ አስቀረሁ። የዋጫውን የቡና ድርሻዬን ለጣሰው ለቀቅሁለትና የጎደለውን ሞላልኝ። ሩሀማም ከማሩ ያጠራቀመችውን ሁሉ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

መኪናውን ልናይ ጅማ የምንሄድበት ሳምንት የማር ቆረጣ ሆነ። ገበሬዎቹ ማሩን አውርደው ሺሺንዳ ላይ ይጠብቋታል፤ ከቀረች ሌላ ነጋዴ ይወስደዋል። «እናንተ ሂዱ» አለችን። «እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ትልቁን ባትሪ ጠይቂ። ለጅማ መንገድ ያስፈልገኛል። አደራ።»

አደራ ብላኛለች። ሁለት ጊዜ።

እና እዚያ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ቆሜ በልቤ ሒሳብ ሠራሁ። ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ሒሳብ ላይ የሚቀድመኝ አልነበረም። ዋጫ ደርሶ መልስ ይበቃል። ሺሺንዳም ደርሶ መልስ፣ ለጥቂት ይበቃል። ጅማ ግን ቢሄድ መመለሻ የለውም። መመለሻ ከሌለው አይሄድም። ጅማን ካላለፈ ደግሞ አዲስ አበባ የለም፣ ሞጆ የለም። በየማታው ቤቱ ገብቶ ይሰካል። እሷም አብራው ትገባለች።

«ትንሹን ነው የምፈልገው» አልኩት ሰላሐዲንን።

«ማዘር፣ ለሥራ ከሆነ እለምንዎታለሁ፣ ትልቁን ይውሰዱ። በኋላ እንዳይወቅሱኝ። ልዩነቱ እኮ የሚያሳዝን አይደለም።»

ጣሰው ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እትዬ፣ ልጅቷ ምን ነበር ያለችሽ?»

«ጣሰው፣ አንተ ዝም በል።»

ዝም አለ። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ልጅ ሳለም ዝም በል ስለው ዝም ይል ነበር።

መኪናውን ሰላሐዲን ራሱ እየነዳ ቦንጋ አደረሰልን። ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ሁለት ስለሆነ ጣሰው በሚኒባስ መጣ። ሸቤን አልፈን ጎጀብን ስንወርድ በጸሎት ላይ ነበርኩ። ስንወጣ ደግሞ መሪው ፊት ያለችውን ትንሽ መስታወት አያለሁ፤ የባትሪው ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል። ቦንጋ ስንገባ ከመቶ ዘጠኝ ቀርቶት ነበር። «አዩ ማዘር፣ ባዶውን ነው ከጅማ ቦንጋ ያደረሰዎት» አለኝ ሰላሐዲን በኩራት። በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ግን ከጅማ ቦንጋ ያደረሰ መኪና ከቦንጋም ጅማ እንደሚያደርስ አላሰብኩም።

ሩሀማ ከሺሺንዳ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። አንድ ጊዜ ዞረችው። ካሶኔው ላይ ወጥታ በጫማዋ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ከዚያ ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ማር ማር ትሸታለች።

«ትልቁ ነው?»

«ትልቁ የለም አሉ። አልመጣም አሉ» አልኳት።

ፊቷ አንዴ ጠቆር አለና ወዲያው በራ። «ይሁን። ለጊዜው ይበቃል። ሲመጣ እናየዋለን።» ጣሰው ዓይኑን ወደ ጎማው ጣለ።

በማግስቱ የዳለቻን ቃጭል በሽቦ ከኋላው መከላከያ ላይ አሰርኩት። ድምፅ የሌለው መኪና በሕፃናት መሀል አይሄድም፤ ይህ እንኳ የእውነት ፍርሃቴ ነበር። ሩሀማ ስታየው ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ከተማውን ዙሪ፣ የሚሉሽን ትሰሚያለሽ።»

ሰማች። የባጃጅ ልጆች በሁለት ቀን ስም አወጡላት። «ላሟ መጣች! አሳልፏት!» ይላሉ። «ሩሀማ፣ ዛሬ ስንት ሊትር ታለበች?» እሷም መስታወቱን እየዘወረች ታወርድና፣ «እናንተ ሰልፍ ላይ ስትውሉ እሷ ሣር ግጣ ገብታለች» ትላቸዋለች። ገበያው ሁሉ ለመዳት። ለእኔ ደግሞ ያ ቃጭል እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ከዩኒቨርሲቲው በኩል ስትመለስ ገና ከቁልቁለቱ እሰማዋለሁ። ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ገባች እላለሁ። ወጥቼ በሩን እከፍታለሁ። እሷ ሳትወርድ የቻርጁን ገመድ ይዤ እጠብቃታለሁ፤ የፕላስቲክ ጫማዬን ማድረግ ግን አልረሳም፣ ኤሌክትሪክ አላምንም።

መኪናውም መቼም እውነቱ ይነገር፣ ለፍቷል። ማር ጫነ፣ ኮረሪማ ጫነ፣ የላቀችን በቆሎ ወፍጮ ቤት አደረሰ። ላቀች ወገቧ የተያዘ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰዳት እሱ ነው፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ «ዝም ሲል እኮ ደስ ይላል፣ እግዜር ይይልሽ» ስትል ሰምቻለሁ። ጭቃ ላይ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ሰው ገፍቶታል። መብራት ሲጠፋ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቆመ፤ ሩሀማም አብራው ቤት ዋለች። እኔ ለመብራት ኃይል ሰዎች መረቅሁላቸው እንጂ አልረገምኳቸውም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ከገበያ እየዘለለች መጣች። አንድ ማር ገዢ ድርጅት ጅማ መጋዘን ከፍቷል። በየሳምንቱ ማክሰኞ እስከ መጋዘናቸው ካደረሰች፣ ያላትን ሁሉ ይወስዳሉ። «እማዬ፣ ገባሽ? ከዚህ በኋላ ገዢ ፍለጋ የለም። ሁለት ሴቶች እቀጥራለሁ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ማር የምናጠራበት ቤት እንሠራለን። ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ!»

«መኪናው ጅማ አይደርስም እኮ» አልኩ።

«ግማሽ ጭነት ይዤ እሞክረዋለሁ። ካደረሰኝ እዚያ ቻርጅ አድርጌ እመለሳለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሄደች። እኔ ኮረሪማ ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ፤ የፈለፈልኩትን ከቅርፊቱ ጋር እየቀላቀልኩ ስበትን ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በዝናብ ውስጥ ቃጭሉን ሰማሁ። አካሄዱ ግን የማውቀው አልነበረም፤ ይንገላታል። ወጥቼ ሳይ አንድ አይሱዙ በገመድ እየጎተታት ነው። ባልዲዎቹ ከነማራቸው ካሶኔው ላይ ናቸው፣ ሸራው ውሃ ይዟል።

ጎጀብን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመባት። ከረፋድ ጀምሮ ዳገት ላይ ቆማ የሚያልፈውን መኪና ስትለምን ውላለች። የድርጅቱ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ፣ ስልክ ደውሎ፣ «እህቴ፣ እኛ የሚደርስ ሰው ነው የምንፈልገው» ብሏታል።

ገብታ እርጥብ ልብሷን ሳታወልቅ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እዚያ ቆሜ ሰላሐዲን ጋ ደወልኩ።»

እጄ ኮረሪማው ላይ ቆመ።

«ትልቁ ባትሪ መቼ ነው የሚመጣላችሁ አልኩት። ‹መቼ ጠፍቶ? የዚያን ቀን ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ ማዘርዎን ለመንኳቸው፣ አልፈልግም አሉ› አለኝ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጋሼ ጣሰውም ጋ ደወልኩ። ልዩነቱን እችላለሁ ብሎሽ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«የለም አሉ አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

«ለምን?»

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምናልባት… «ትልቁ ይከብዳል፤ ጭቃ ላይ ይሰምጣል ብዬ ነው» አልኩ።

«እማዬ!»

«ጅማ ምን አለሽ? ዋጫ አለ፣ ሺሺንዳ አለ፣ ቦንጋ ራሱ…»

«ጅማ ማር አራግፌ ልመለስ እኮ ነው! ልመለስ! ማክሰኞ ሄጄ ማክሰኞ ልመጣ! እዚሁ ግቢ ቤት ልንሠራ!»

«አባትሽም እሑድ እመጣለሁ ብሎ ነበር።»

አመለጠኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ኖሬ ያን ቀን አመለጠኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እኔ ፍቅሩ አይደለሁም» አለች። አባቴ አላለችም። «ሃያ ዓመት ሙሉ አብሬሽ ስኖር አንድ ቀን ውጭ አድሬ አውቃለሁ? ዳለቻን በገመድ ነበር የምታስሪያት። ለእኔ መኪና ገዛሽልኝ።»

ከዚያ ተነሥታ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባች። ላግዝሽ ብላት፣ «ይከብድሻል፣ ተይው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላንም። ያ ነው የከፋው። ስትቆጣ፣ ስትመልስልኝ አልፈራም ነበር። «እሺ እማዬ» ማለት አበዛች። ብርድ ነው ልበሺ ስላት እሺ። ቶሎ ግቢ ስላት እሺ። የባጃጅ ልጆች ሲያሾፉባት መስታወቱን ማውረድ ተወች። ማሩን ርካሽ በርካሽ ለቦንጋ ነጋዴ ሸጠችው። ጣሰው ከዋጫ መጥቶ አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ይሄኛውን ሸጠን በትልቁ እንለውጥላት፤ ንገሪያት» አለኝ። «እስቲ እናስብበት» አልኩት። እያሰብኩ ወር አለፈ።

የገብርኤል ዕለት ነው። ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ ሩሀማ መኪናውን እያጠበች ነበር። ወለሉን ሁሉ ውሃ ደፍታ አጥባዋለች። «ላድርስሽ?» አለችኝ።

«በእግሬ ይሻለኛል፣ ለስለቴ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መጥታ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። እኔስ ምን አልኩ? «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እጅሽን አድርቂ» ነበር ያልኳት።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቁልቁል ተመለስኩ። የግቢው በር ተዘግቷል። ከፈትኩ። መኪናው የለም። ዋጫ ሄዳለች አልኩ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ያለው መደብ ላይ ቃጭሉን አየሁት። ሽቦው ተጠምዝዞ ተፈትቷል። ከሥሩ የቤቱ ቁልፍ አለ፤ አጠገቡ የኤሌክትሪኩ ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ላቀች አጥሩ ጋ መጣች። «አልሰማሁም እኮ በዛወርቅ፣» አለችኝ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ «ደጅ ቡና እያሰጣሁ ነበርኩ፤ አልፋ ስትሄድ አልሰማሁም።»

ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ አይሠራም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰላሐዲን ደወለ።

«ማዘር፣ እንዴት ዋሉ? ሩሀማ እዚህ መጥታ ነበር። መኪናውን ግቢዬ አቁማ ቁልፉን ሰጠችኝ። ‹የእማዬ ነው፣ ሰው ልካ ታስወስደዋለች› አለችኝ። አንድ ቦርሳ ይዛ ነበር፤ መናኸሪያ ሄደች። የአዲስ አበባ መኪና ጠዋት ነው የሚወጣው ብላት፣ አንድ ሚኒባስ አግኝታ ተሳፍራለች መሰለኝ።»

«ስንት ቀርቶት ደረሰ?» አልኩት።

«ምኑ ማዘር?»

«ባትሪው።»

ሰው ልጁ ስትሄድበት የሚጠይቀው ይህ ነው? «ከመቶ አራት» አለኝ ሰላሐዲን። «ባዶዋን ስለመጣች ነው። ለአንድ መንገድማ ይበቃል።»

ለአንድ መንገድማ ይበቃል። እኔ ያሰላሁት ደርሶ መልሱን ነበር። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ጅማ ሄዶ የሚመለስ መኪና አልገዛሁላትም። የማይመለስ ሰው ግን ግማሹ ይበቃዋል። ትልቁን ብገዛላት ኖሮ ማክሰኞ ሄዳ ማክሰኞ ትመጣ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ላቀች አጥሩን ዞራ መጣች። እጇ ላይ ጎመን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጣሰው ጅማ ሄዶ ሹፌር ይዞ መኪናውን አስመጣ። ቃጭል የለውም፤ በሩ ላይ እስኪደርስ አልሰማሁትም። «ይሸጥ እትዬ» አለኝ። አይሸጥም አልኩ። ሰላሐዲን ጋ ደውዬ፣ «ትልቁን ባትሪ አሁን ብትገጥምበትስ?» አልኩት። «ማዘር፣ ከፋብሪካው ነው እንጂ አይለወጥም። ከፈለጉ መኪናውን ተቀብዬ ትልቁን ልስጥዎት። ግን…» አለ። ማን ይነዳዋል ሊለኝ ነበር፤ ደግ ሰው ስለሆነ አላለኝም።

ሩሀማ እሑድ ደወለች። እሑድ መሆኑን እሷ አላሰበችውም፤ እኔ ነኝ የማስበው። ህይወት ጋ ናት። ማር በጠርሙስ የሚያሽጉ ሰዎች ጋ ሥራ አግኝታለች፤ ቆማ ስትሞላ፣ ወረቀት ስትለጥፍ ትውላለች።

«የየት ማር ነው?» አልኳት።

«የእኛው ነው፤ ‹የከፋ ማር› ይላል ወረቀቱ» አለች።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ብርድ ነው እዚያ?»

«ደህና ነው እማዬ።» የማሳል ድምፅ ሰማሁ። ማሳል ነበር ብዬ ነው የያዝኩት።

ልነግራት ነበር። ትልቁን ልለውጥልሽ ነው፣ ጅማ ሂጂ፣ የፈለግሽበት ሂጂ፣ ብቻ ነይ ልላት ነበር። «መኪናው ሞልቷል» አልኳት። «ማታ ማታ እሰካዋለሁ። ሁልጊዜ መቶ ነው።»

«ሁልጊዜ ተሰክቶ ነው የሚያድረው?»

«አዎ፤ መጣሁ ብትዪ እንዳይጎድልሽ ብዬ።»

ከወዲያ በኩል የመኪና ጡሩምባ፣ የሰው ድምፅ ይሰማል። «ንቀይው እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ ባትሪው ይጎዳል። ዝም ብሎ ይቁም። ቆሞ አያልቅም።»

«አያልቅም? እርግጠኛ ነሽ?»

«አያልቅም። ንቀይው።»

«መቼ…» ብዬ ጀመርኩ። መቼ ትመጫለሽ አላልኳትም። «እሺ» አልኳት። እሷ ስትለኝ እንደ ከረመችው፣ እሺ።

የፕላስቲክ ጫማዬን አደረግሁ። እያካፋ ነበር፤ መሰኪያውን በደረቅ ጨርቅ ያዝኩና ነቀልኩት። መሪው ፊት ባለችው መስታወት ላይ የምትበራው መብራት ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ገመዱን እሷ እንደምትጠቀልለው ጠቅልዬ ጋቢና ውስጥ፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኩላት።